ሀገር አይቶ የተመለሰ ሰው ስላለበት ዕዳ

ሰው ከሩቅ መንገድ በደኅና ሲመለስ ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰብና «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ካለው በኋላ ሁለት ነገር ይጠይቀዋል፤ ይኸውም «ምን አየህ?» እና «ምን ይዘህልን መጣህ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ለወግ ያህል ብቻ የሚቀርብ አይደለም። ከደጁ ያልራቀ ሰው ሩቁን ሀገር የሚያየው በመንገደኛው ዐይን ነውና፣ የሚነገረው እውነት የሆነ እንደ ሆነ ይጠቀምበታል፤ ሐሰት የሆነ እንደ ሆነ ግን በዚያው ሐሰት ተመርቶ ኑሮውን ያበላሻል። ስለዚህ የመንገድ ትዝታና የመንገድ ፎቶግራፍ በመንገደኛው እጅ ያለ የሌሎች አደራ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማርሁት አንድ ወጣት ነው። የተወለደው እኔም በምኖርበት በመርካቶ፣ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። በውጭ ሀገር ሲሠራ ቆይቶ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ሐረርንና አርባ ምንጭን ጐበኘ፤ በመጨረሻም የተወለደበትን ሰፈር ዞሮ አየ። ያነሣቸውን ፎቶግራፎች በስልኩ ለብዙ ሰው ካሠራጨ በኋላ ከነማብራሪያቸው በአንድ መድበል አስጠርዞ አመጣልኝና «ጋሼ፣ እንደ ድሮው ቀይ እስክሪፕቶዎን ይዘው ይመልከቱልኝ» አለኝ።

እኔም ሁለት ጊዜ አገላብጬ አየሁት። ሥዕሎቹ ጥራት አላቸው፤ ብርሃኑንም የሚመርጥበት ዐይኑ መልካም ነው። ዳሩ ግን አብዛኛው ገጽ እርሱን ራሱን የሚያሳይ ሆኖ አገኘሁት። በሐረር የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት፤ ወጣቱ በአንደኛው በር መካከል ቆሞ በሩን ስለ ሸፈነው የትኛው በር እንደ ሆነ ከሥዕሉም ከጽሑፉም አይታወቅም። በአርባ ምንጭም ከከፍታው ላይ ሆኖ አባያንና ጫሞን ባንድነት አይቷል። አባያ ደለል በዝቶበት ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ግን ጠራ ብሎ ጐን ለጐን ሲታዩ «ይህ ስለ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ በተገባው ነበር። እርሱ ግን ከሥሩ «ዕረፍት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ጻፈበት። ይህን መድበል ያየ ሰው ወጣቱ እንደ ሄደ ያውቃል፤ ወዴት እንደ ሄደ ግን አያውቅም።

የቀድሞ ሰዎቻችን ይህን ነገር እንዴት እንዳደረጉት ለማየት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን የጉዞ መጻሕፍት መመልከት ይጠቅማል። ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ያደረጉትን ጉዞ «ደስታና ክብር» በተባለው መጽሐፍ ጻፉ። ከዚያም በ1924 ዓ.ም. ራሳቸው መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን በሄዱ ጊዜ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በዚያው ዓመት አሳተሙ። የእኒህ ሰው መልካም ሥራ ያዩትን ለብቻቸው አለማስቀረታቸው ነው። የጃፓንን ነገሥታት የዘር ሐረግ ከእኛ ነገሥታት፣ የዋና ከተማቸውንም መለዋወጥ ከእኛው ጋራ እያስተያዩ ስለ ጻፉ፣ አንባቢው የሰውን ሀገር ሲያይ የራሱንም ሀገር ያያል።

ከ1916ቱ ጉዞ የተገኘውም ፍሬ ወሬ ብቻ አልነበረም። በኢየሩሳሌም ወላጆቻቸው በዕልቂት ያለቁባቸውን የአርመን ልጆች አልጋ ወራሹ አይተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። እነዚህም «አርባ ልጆች» የተባሉት የነሐስ ሙዚቃ ተጫዋቾች ሆኑ። አብሯቸው የመጣው መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። «ምን ይዘህልን መጣህ?» ለሚለው ጥያቄ እንዲህ ያለ መልስ ያስመሰግናል።

ይሁን እንጂ ታላቅ ሰው ስለ ሆኑ ጕድለታቸውን መሸፈን አይገባም። ብላቴን ጌታ የመንግሥት እንግዳ ስለ ነበሩ ያዩት የተከፈተላቸውን በር ነው፤ የመጽሐፉም ስም ገና ከሽፋኑ ላይ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። የጃፓን ጦር በዚያው በ1924 ዓ.ም. በመስከረም ወር ማንቹሪያን መውረር ጀምሮ ነበር። ብላቴን ጌታ ጃፓን የደረሱትም በጥቅምት ነው። ያች የብርሃን ማደሪያ የተባለች ሀገርም በ1929 ዓ.ም. ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መያዟን ተቀብላ ዐወቀች። ማንም ሰው የሚመጣውን አስቀድሞ አያውቅምና ለዚህ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን ብርሃኑን ብቻ የሚያሳይ የጉዞ ጽሑፍ ለአንባቢው ጥላውን ይደብቅበታል።

እንግሊዝንም በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ሄደው፣ በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ከአልጋ ወራሹ ጋራ ሆነው በክብር አይተዋት ነበር። በመጨረሻ ግን በ1931 ዓ.ም. ባዝ በተባለው ከተማ በስደት ሳሉ ዐረፉ። አንዲቱ ሀገር ለአንድ ሰው የክብርም የሐዘንም ስፍራ ሆነችበት።

እንግዲህ ወደ ወጣቱ መድበል ልመለስ። ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ የራጉኤል መንገድ ይታያል። ዝናብ ይዘንባል፤ አንዲት እናት ራሳቸውን በላስቲክ ሸፍነው፣ ኬሻ በጀርባቸው አዝለው፣ እግራቸው ጭቃ ለብሶ ጐንበስ ብለው ይሄዳሉ። ከሥሩ «የድህነት ፊት» ተብሎ ተጽፏል። እኔ እኒህን እናት ዐውቃቸዋለሁ። በጕሊት ቅመም እየሸጡ አራት ልጆች አሳድገዋል፤ ያን ቀን የተሸከሙትም የራሳቸውን በርበሬ ነው። ወጣቱን «ስማቸው ማን ነው?» ብዬ ብጠይቀው አላወቀም።

ሥዕሉ ግን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ በቤሩት በሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ዘንድ ደርሶ ነበር። እርሷም እያለቀሰች ደውላ «እማዬ፣ የምልክልሽ ገንዘብ የት እየገባ ነው?» አለቻቸው፤ ወንድሟንም በላብኝ ብላ ጠረጠረችው። በዚያ ቤት ወንድምና እኅት ብዙ ቀን ሳይነጋገሩ ቆዩ። ወጣቱ ይህን ከእኔ በሰማ ጊዜ ደንግጦ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። እናቲቱም ከቃሉ ሁሉ ይልቅ ሥዕሉን እያዩ «ምነው ልጄ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል!» አሉት።

በዚህ ቃል ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። በልጅነታችን ሰው ፎቶግራፍ ለመነሣት ፎቶ ቤት የሚሄደው ልብሱን አጥቦ፣ ጠጕሩን አበጥሮ ነበር፤ ከጀርባውም «ለማስታወሻ» ብሎ ጽፎ ለወደደው ይሰጣል። መልኩ በማን እጅ እንደሚገባ ራሱ ይወስናል ማለት ነው። ዛሬ ግን አንሺው ብቻውን ወስኖ፣ የሰውን ፊት ወስዶ፣ ስምም አውጥቶለት ለማያውቁት ሺህ ሰዎች ያሳያል። ያን እናት «ድህነት» ብሎ የጠራቸው ሌላ ሰው ነው እንጂ እሳቸው ራሳቸውን የሚያውቁት በሥራቸው ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የዚህ ተቃራኒ ይመስላል፤ ነገር ግን ወንድሙ ነው። ያችው ልጅ ከቤሩት የምትልከው ፎቶግራፍ በእናቷ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በአሠሪዎቿ አዳራሽ፣ በመልካም ቀሚስ፣ ፈገግ ብላ ትታያለች። ይህን የምታደርገው እናቷ እንዳታዝን ነውና በእርሷ ላይ ልፈርድ አልችልም። ዳሩ ግን የጎረቤት ልጃገረድ በየቀኑ ያን ግድግዳ እያየች ትምህርቷን ልትተው አስባለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኑሮ በተናጋ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች ደመወዛቸውን ሳያገኙ በቤሩት ከቆንስላው ደጅ ተጥለው እንደ ነበር ያ ግድግዳ አይናገርም። አንዱ የሌላውን ውርደት ያሳያል፤ ሌላው የራሱን መከራ ይደብቃል፤ ሁለቱም እቤት ያለውን ሰው ያሳስታሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከመንገድ ስትመለስ ትዝታህን አትደብቅ፤ መናገርህ መልካም ነው። ነገር ግን አስቀድመህ ራስህን ጠይቅ። ያየሁትን ስፍራ በስሙና በምክንያቱ አስረድቻለሁን? በሥዕሌ ውስጥ ያለው ሰው ፈቅዶልኛልን? ቢያየውስ ያፍርበት ይሆን? የመንገዱን ደስታ ስናገር የከፈልሁትን ዋጋ አብሬ ተናግሬአለሁን?

ወጣቱ ከመሄዱ በፊት እኒያን እናት እንደ ገና አነሣቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሚዛናቸውን ከፊታቸው አድርገው፣ በርበሬውን ከምረው ተቀምጠዋል። ከሥሩም ስማቸውንና ሥራቸውን እሳቸው እንደ ነገሩት ጽፎ ለልጃቸው ላከላት። የፊተኛውን ሥዕል ግን ከተሠራጨበት ሁሉ ሊመልሰው አልቻለም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና። እኔም መድበሉን በቀይ እስክሪፕቶ አርሜ መለስሁለት፤ «የድህነት ፊት» የሚለውን ሰርዤ በጐኑ «አስቀድመህ ጠይቃቸው» ብዬ ጻፍሁበት።