ቡና ማፍላት ሥነ ጥበብ ነው ወይ?

ከባሕር ማዶ አዲስ የሥነ ጥበብ ቃል ሲመጣ ሁለት ዓይነት አቀባበል እናደርግለታለን። ወይ እንደ ታቦት ተሸክመነው እልል እንላለን፣ ወይ ደግሞ «ኤዲያ! ይኼ እኮ እኛ ዘንድ ድሮም የነበረ ነው» ብለን እናሰናብተዋለን። ሁለቱም ከማሰብ ይገላግላሉ። እዚህ የምናነሳው ቃል ሁለተኛው ዕጣ የደረሰው ነው። «የግንኙነት ሥነ ውበት» ብለን ተርጉመነዋል፤ የተሻለ ቃል ያለው ወንድም ወይም እኅት ይምጣና ይርዳን።

ቃሉን ያስፋፋው ፈረንሳዊው ኒኮላ ቡሪዮ ሲሆን፣ በዚሁ ርእስ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ1998 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡ ሲጨመቅ እንዲህ ነው። የከያኒ ጥሬ ዕቃ ቀለምና ሸራ፣ ድንጋይና ነሐስ ብቻ አይደለም፤ የሰዎች መገናኘት ራሱ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ተመልካቹም ቆሞ አይቶ የሚሄድ ሳይሆን ገብቶ የሚበላ፣ የሚጫወት፣ የሚያወራ ነው። ሥራው ማለት በዚያ መካከል የሚፈጠረው ነገር ነው። ሁሉ ነገር በሸቀጥና በደንበኛ በሚለካበት ከተማ፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ቀዳዳ መክፈት ቁም ነገር አለው ይላል ቡሪዮ።

ምሳሌው ዘወትር አንድ ነው። ሪርክሪት ቲራቫኒጃ ከታይላንዳውያን ወላጆች በቦነስ አይረስ የተወለደ ከያኒ ነው። በ1992 ኒውዮርክ ውስጥ 303 በሚባል የሥዕል አዳራሽ ባዘጋጀው ትርኢት ላይ አንድም ሥዕል አልነበረም። የቢሮውን ዕቃ ወደ ማሳያው ክፍል አወጣና፣ ከኋላ ባለው ክፍል ምድጃ አስቀምጦ በታይላንድ ወግ ወጥና ሩዝ አበሰለ። የመጣው ሁሉ በነጻ በላ። ድስቱ፣ ሳህኑ፣ የተረፈው ምግብ፣ የሰዉ ጫጫታ፤ ትርኢቱ ያው ነው። ኋላም የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይህንኑ ሥራ የስብስቡ አካል አደረገው። ወጥ እንዴት ሙዚየም ይገባል አትበሉን፤ ገባ።

ይህን የሰማ የእኛ ሰው ምን ይላል? መልሱ የታወቀ ነው። «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሥነ ጥበብ ስትሠራ ኖራለች ማለት ነው!» ይላል። ሣሩ ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ጎረቤቱ ተጠርቶ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሲዋል፣ ይህ የግንኙነት ጥበብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ቀልዱ ጥሩ ነው፤ እኛም ስቀንበታል። ክርክር ሆኖ ሲመጣ ግን አይቆምም።

የሰፈር ቡና ትርኢት አይደለም። ዛሬ የጠራችህ ጎረቤት ነገ በተራዋ ትጠራለች። ሁለት ቀን ብትቀር «ምነው ጠፋህ?» ትባላለህ፤ ታመህ ከሆነ ትጠየቃለህ። ውለታ አለበት፣ ሐሜት አለበት፣ ኩርፊያም አለበት። ከባለ ቤቷ ጋር የተጣላች ጎረቤት በዚያ ሰሞን አትመጣም፤ ለምን እንዳልመጣችም ስኒ የያዘ ሁሉ ያውቃል። የኒውዮርኩ በላተኛ ግን ሳህኑን አስቀምጦ ከወጣ ወዲያ «ምነው ጠፋህ» የሚለው የለም። ስለዚህ «የእኛን ወሰዱብን» የሚለው ኩራት ሁለቱንም ያሳንሳል። ቡናውን ትርኢት ያደርገዋል፤ የቲራቫኒጃንም ሥራ ምን እንደጠየቀ ሳይሰማ ያልፈዋል። እሱ የጠየቀው፣ የሥዕል አዳራሽ ዕቃ ከመሸጥ ሌላ ለምን ይሆናል የሚል ነው። ይህን ለመጠየቅ መቼም አዳራሹ ያስፈልጋል። እናቶቻችን አዳራሽ አላስፈለጋቸውም፤ ጥያቄውም የእነሱ አልነበረም።

ጠንከር ያለው ሂስ የመጣው ከእንግሊዛዊቷ ክሌር ቢሾፕ ነው። በ2004 ኦክቶበር በተባለው መጽሔት ላይ በጻፈችው ጽሑፍ፣ ሰዎች ተገናኙ ማለት ብቻውን በቂ ነው ወይ? ብላ ተነሳች። ምን ዓይነት ግንኙነት? በማን መካከል? ለማን ሲባል? በእርግጥም 303 አዳራሽ ገብቶ የበላው ሰው ባብዛኛው የሥዕል ነጋዴና የሥዕል አፍቃሪ ነበር፤ ድሮውንም የሚተዋወቅ። የሚስማማ ሰው ተሰብስቦ ቢስማማ ምን ይደንቃል? ቢሾፕ እንደምትለው ዴሞክራሲ የሚታወቀው ጠብና ልዩነት ባለመኖሩ ሳይሆን፣ ጠቡና ልዩነቱ ሳይደፈን ሲቀር ነው።

እሷ ያመሰገነችው ስፔናዊውን ሳንቲያጎ ሲየራን ነው። የሲየራ ነገር ጨጓራ ይፈልጋል። በ1999 ሃቫና ውስጥ ስድስት ሥራ አጥ ወጣቶችን ለእያንዳንዳቸው 30 ዶላር ከፍሎ፣ ጎን ለጎን አቁሞ፣ በጀርባቸው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስነቀሰ። ከዳር እስከ ዳር 250 ሳንቲ ሜትር። የሥራው ርእስም ግጥም የለበትም፤ የመስመሩን ልክ፣ የሰዎቹን ቁጥርና የተከፈላቸው መሆናቸውን ይናገራል፤ በቃ።

እዚህ ላይ ከቢሾፕ ጋር እስከ መጨረሻው አንሄድም። ሲየራ ክፍያውን አደባባይ ማውጣቱ ትልቅ ነገር ነው። ሌሎች በፈገግታና በወጥ የሚሸፍኑትን፣ አንዱ የሚያዝበትን ሌላው የሚታዘዝበትን ግንኙነት በቁጥር አስቀምጦታል። ነገር ግን ፎቶግራፉ ከአገር አገር ሲዞር መስመሩ ከልጆቹ ጀርባ አልወረደም። ሐኪም በሽታን ለማስረዳት ሲል ጤነኛውን አያስታምምም። «ፈቅደው ነው» የሚል ይኖራል፤ 30 ዶላር ለቸገረው ሰው ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሥራው ራሱ ነግሮናል። ሥራው እውነተኛ ነው፤ መሠራት አልነበረበትም። ሁለቱን ባንድ ላይ መያዝ ይከብዳል፤ ግን ሌላ መንገድ አልታየንም።

ጥያቄውን ግን ይዘነው ወደ ቤታችን እንመለስ። በየሥዕል ትርኢቱ መክፈቻ ላይ ጥግ ይዛ፣ ረከቦት ዘርግታ የምትቀመጥ ልጅ አለች። የሀበሻ ቀሚስ ለብሳለች፤ ፈንዲሻው ፊቷ ነው። እንግዳው ፎቶ ያነሳታል፣ ስኒውን ይቀበላል፣ ፊቱን ወደ ሥዕሉ ይመልሳል። አንዳንዴም ሥነ ሥርዓቱ ራሱ እንደ ሥራ ይቀርባል። ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ የከያኒው ስም ይጻፋል፣ የአዘጋጁ ስም ይጻፋል፣ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ምልክት ይለጠፋል። ጭሱ ዓይኗን ያስለቀሳት ልጅ ስም የት አለ? ስንት ተከፈላት? ቲራቫኒጃ ቢያንስ ራሱ ነው ምድጃው ሥር የቆመው!

ንድፈ ሐሳቡ ጠቀመን የምንለው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። ቡና ጥበብ ነው አይደለም የሚለውን ትተን፣ ማን ቆልቶ ማን ጠጣ ብለን እንድንጠይቅ አደረገን። «እናቴ ስትሠራው ኖራለች» ያለው ቀልደኛም ቢሆን፣ እናቱ ስትወቅጥ ምናልባት ተጋድሞ ሬዲዮ ይሰማ ነበር።

ከአገራችን አንድ ሥራ በዚህ ዓይን እንይ። አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ውስጥ፣ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየም በ2019 ተከፍቷል። ኤልያስን ዓለም የሚያውቀው «ታይትሮፕ» በተባሉት ተከታታይ ሥራዎቹ ነው። ከመርካቶ የተገዛ የኮምፒዩተር ሰሌዳና የስልክ ሽቦ ተጎንጉኖ፣ ከሩቅ ሲያዩት እርሻ ወይም ከተማ ይመስላል። በ2022 ብቻ ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ጥራጊ ጥላለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ ዳግም ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩብ እንኳ አይሞላም። ኤልያስ ከዚህ ጥራጊ ቁንጣሪ ወስዶ እጅግ የሚያምር ነገር ሠርቷል። አንዳንዴ እንዲያውም ከመጠን በላይ ያምራል፤ ቀለሙ ደስ ሲለን ያ ሽቦ በማን ስልክ ውስጥ እንደነበረና ማን በጥርሱ እንደላጠው እንረሳለን።

ዞማ ሌላ ነው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ሲሆን፣ ጭቃው እንደ ጥልፍ ተሠርቷል። የአትክልት ቦታ አለው፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለው። የሽቦው ሥራ አውሮፕላን ይሳፈራል፤ ጭቃው አይሳፈርም። ሊገዛው የፈለገ ሀብታም ከግድግዳው ነቅሎ ሊወስደው አይችልም። ጭቃ ደግሞ ጠጋኝ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ማቡካትና መለሰን የሚያውቅ እጅ እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው። ቡሪዮ የተመኘው ቀዳዳ አንድ ምሽት ይከፈትና ይዘጋል፤ ይህኛው ግን በማግስቱም ልጆች ቦርሳቸውን አንጠልጥለው የሚመጡበት ነው። «የግንኙነት ጥበብ» የሚል ሰሌዳ ባይለጠፍበትም፣ ስሙን ከተሸከሙት ብዙዎች ይልቅ ስሙ የሚገባው እሱ ይመስለናል።

በዚህ ላይ በመካከላችን የተስማማነው ሁላችንም አይደለንም። ዞማ ሥነ ሕንጻ እንጂ ምን የግንኙነት ጥበብ አለው የሚሉ አሉ፤ ሲየራንም በጭካኔ ፈረዳችሁበት ብለውናል። ለሚጽፍ ሰው ገጹ ክፍት ነው። ከመጻፉ በፊት ግን ዞማ ደርሶ፣ ግድግዳውን ቀረብ ብሎ አይቶት ይምጣ፤ የለሳኙ የጣት ዱካ አንዳንድ ቦታ ላይ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ሊያገኘው ይችላል።