«ጥላሁን» ወይስ «ጥላ ሁን»? ትዝታን ከወረቀት ላይ ማንበብ

የዘፈን ግጥም ከዜማው ሲነጠል ይራቆታል የሚል ቅሬታ ከሥነ ግጥም ሰዎች በተደጋጋሚ ይሰማል። ለብዙ ዘፈኖች ፍርዱ ልክ ነው። ለትዝታ ግን አይሠራም።

ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚጠራ የቅኝት ስም ነው። የዘፈኑም፣ የሚዘፈንለት ስሜትም ስማቸው ያው ትዝታ ነው። ማህሙድ አህመድም፣ በዛወርቅ አስፋውም፣ አስቴር አወቀም የየራሳቸው ትዝታ አላቸው። «ኤቲዮፒክ» የተባለው የሙዚቃ ስብስብ 10ኛውን ቅጽ ለትዝታ ብቻ ሰጥቶታል። ስለዚህ ትዝታን አነባለሁ የሚል ሰው አስቀድሞ የማንን ትዝታ ብሎ መጠየቅ አለበት።

እኔ አንዱን ከካሴት ላይ በእጄ ገልብጬዋለሁ። ቴፑ ክሩን በጎረሰ ቁጥር በእስክሪብቶ እያጠነጠንሁ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። መጀመሪያ የታየኝ ልኩ ነው። ግጥሙ የወል ቤት ነው፤ ስንኙ 12 ቀለም ሆኖ 6 በ6 ይከፈላል። ዘፋኙ አንዱን ቀለም እየሳበ፣ በመሐል «ኧረ» እያስገባ ስለሚሄድ ጆሮ ይህን አይቆጥርም። በንግግር ፍጥነት ሳነበው ግን ሁለተኛው ሐረግ ለመጀመሪያው መልስ እየሰጠ እንደሚሄድ ሰማሁ። ዜማው መልሱን ስለሚያዘገየው ጥያቄና መልስ መሆናቸው ይረሳል።

ዋናው ጉዳይ ግን የፊደላችን ጠባይ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «ልቤ ይሰማል» ብለን እንጻፍ። «ሰ» እና «ማ» ላልተው ሲነበቡ ልብ አድማጭ ነው፤ ጠብቀው ሲነበቡ ደግሞ ምቱ ከደረት አልፎ ለሌላ ጆሮ የሚደርስ ነው። «ልብስ»ም እንዲሁ ሸማ ሊሆን ይችላል፤ «ገላውስ መጣ፣ ልብስ?» የሚል ሙግትም ሊሆን ይችላል። ዘፋኝ አፉን ሲከፍት ከሁለቱ አንዱን መምረጡ ግድ ነው። ወረቀቱ ሁለቱንም ይዞ ይጠብቃል። ሰምና ወርቅ የጆሮ ጥበብ ብቻ ነው የሚለውን አባባል የምጠራጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ወረቀት የሚነሳውም አለ። ድሮ በሁለት ነጥብ፣ ዛሬ በባዶ ቦታ ቃላትን እንለያያለን፤ ዜማ ግን ይህን አያውቅም። ፀሐይ የመታት አፍቃሪ «ጥላ ሁን» ብላ ስትለምን በዚያው ትንፋሽ «ጥላሁን» ብላ ልትጠራ ትችላለች። «አለም አየሁ» የሚል ተጓዥም አለማየሁን ጠርቶ ያልፋል። ሁለቱም የታላላቅ ዘፋኞቻችን ስሞች መሆናቸው ያስፈግገኛል። ገልባጩ እዚህ ላይ ክፍተት መተው ወይም አለመተው አለበት፤ ያንጊዜ አንዱ ትርጉም ይሞታል። በካሴት ሽፋንና በመጽሐፍ የታተሙ ግጥሞችን ሳይ ይህን ምርጫ ማን እንዳደረገው ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ግጥሙን የደረሰው ሰው ነው ወይስ ጽሑፍ መቺው? መንግሥቱ ለማ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ስለ አማርኛ ግጥም አሰነኛኘት በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። የዘፈን ግጥም አገላበጥም እንዲህ ያለ ጥናት ይሻል።

ከግልበጣዬ በኋላ አንድ ነገር ሞከርሁ። መንቶዎቹን፣ ማለትም ሁለት ሁለት ሆነው ቤት የሚመቱትን ስንኞች፣ ለየብቻ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በጠረጴዛው ላይ አቀያየርኋቸው። ሦስተኛውን መጀመሪያ፣ መጨረሻውን መሐል አደረግሁት። ግጥሙ አልፈረሰም። እያንዳንዱ መንቶ በራሱ የተዘጋ ነው፤ አንዱ ሄደ ያለውን ሰው ቀጣዩ ደጅ ላይ ያቆመዋል፣ ሌላው ደግሞ ገና እንዳልተዋወቁ ሆኖ ይነሳል። ሳደምጥ አንድ ታሪክ የሰማሁ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ያንን ታሪክ የሰፋልኝ መሰንቆው ነው። ቁራጮቹን ወደ ቀድሞ ቦታቸው ልመልስ ብል የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ጠፋኝና ካሴቱን እንደገና ከፈትሁ።