ሬሲክ ውስጥ ዕድር የለም

ካፒቴን ፒካርድ ራሱን ስቶ የሚቆየው 25 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። በነዚያ ደቂቃዎች ግን ሬሲክ በምትባል ከተማ፣ ካሚን ተብሎ፣ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። ያገባል፣ ሁለት ልጅ ይወልዳል፣ ዋሽንት ይለምዳል፣ የልጅ ልጅ ያያል፣ ይሸመግላል። ሲነቃ ያ ሁሉ ሕይወት ካታን የምትባል ፕላኔት ሰዎች በአንዲት ትንሽ መንኮራኩር ጭነው የላኩት ትዝታ እንደሆነ ይረዳል። ፕላኔቷ ፀሐይዋ ፈንድታ ከጠፋች 1000 ዓመት አልፏታል። መንኮራኩሯ ውስጥ የተገኘው ዕቃ አንድ ዋሽንት ነው። ፒካርድ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ብቻውን ይነፋዋል፣ በዚያው ያልቃል። (ስፖይለር ነው የምትሉ ካላችሁ፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ እኔ እንኳን አልተወለድኩም።)

የክፍሉ ርዕስ «ዘ ኢነር ላይት» ነው፤ ከ«ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» 5ኛ ሲዝን፣ 25ኛው ክፍል። በ1993 የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። የስታር ትሬክ ወዳጆች ምርጥ ክፍሎችን በደረደሩ ቁጥር ከላይ ከላይ የሚመጣ ነው። ዋሽንቱ በ2006 ክሪስቲስ ጨረታ ላይ 48,000 ዶላር ተሽጧል። ለቀረጻ የተሠራ ዕቃ ስለሆነ ድምፅ አያወጣም፤ የማይጮኽ ዋሽንት በ48,000 ዶላር!

እኔ ያየሁት በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ካዛንቺስ በሚፈርስበት ሰሞን ነው። የተከራየሁት ቂርቆስ ነው፤ ያደግኩት ግን ካዛንቺስ፣ አክስቴ የቀበሌ ቤት ውስጥ። ስሙ ራሱ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራላቸውን ድርጅት «ኢንቺስ» ይሉት ነበር፣ ቤቶቹ «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ፣ እኛ ደግሞ በአፋችን አለዘብነው። በዚያ ሰሞን የአክስቴም ቤት ፈረሰ፤ አዝማሪ ቤት ሆኖ የጀመረው የመላኩ በላይ ፈንድቃም ፈረሰ። አክስቴ ከብዙ ጎረቤቶቿ ጋር ገላን ጉራ ገባች። ቀሪው ሰው የትም የትም ሄደ። እኔ ማታ ከሥራ ገብቼ፣ ከቴሌግራም ያወረድኩትን ፋይል ከፍቼ፣ የካሚንን ሽምግልና እያየሁ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን እንደገና ሳየው ያስለቀሰኝ መጨረሻው እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ጥሩው ግን መጀመሪያው ነው። ካሚን ሬሲክ ላይ ሲነቃ ትኩሳት ይዞት የከረመ የብረት ሸማኔ ነው ይሉታል። አያምንም። ይሄ ቤቴ አይደለም፣ መርከቤ የት አለች ይላል። ደራሲዎቹ ይሄን በሁለት ትዕይንት ጨርሰው ወደ ፍቅሩ መሮጥ ይችሉ ነበር። አልሮጡም። አምስት ዓመት ያልፋል፣ ካሚን አሁንም ማታ ማታ ኮከብ ይቆጥራል፣ ካርታ ይሥላል። ሚስቱ ኤሊን አጠገቡ ትኖራለች፤ ጫማህን አንሣ ትለዋለች፣ ልጅ እንውለድ ትለዋለች። ውኃ በጠፋበት አገር የከተማው ሰዎች አደባባዩ ላይ አንዲት ችግኝ ተክለዋል፣ ከራሳቸው ድርሻ እየቀነሱ ያጠጧታል። አንድ ሰው ቀስ በቀስ የአንድ ሰፈር ሰው ሲሆን እንዲህ በትዕግሥት ያሳየ ሌላ የቴሌቪዥን ክፍል አላውቅም። ኤሊን ልትሞት ስትል እንኳ ስለዚያው ጫማ ታስታውሰዋለች። እዚያ ጋ ላፕቶፑን ዘግቼ በረንዳ ወጥቼ ነበር።

እንደ ኮድ ጸሐፊም ሥራውን አደነቅኩ። እኛ ጋ ተመልሶ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም። የካታን መሐንዲሶች ይሄ ገብቷቸዋል። ፎቶና ሰነድ አጭቀው አንድ ቀን የሚያነበው ይገኛል ብለው አልላኩም፤ አንድ እንግዳ ሰው ውስጥ ራሱን የሚዘረጋ ነገር ሠሩ። አንዴ ይሠራል፣ ከዚያ መንኮራኩሯ ትጠፋለች። ቅጂ የለውም። አለቃዬ ቢያየው ያባርራቸዋል፤ ግን ያምራል።

ስለዚህ የራሴን መንኮራኩር መሥራት ጀመርኩ። የካዛንቺስ ካርታ፣ ላዩ ላይ ነጥቦች፣ ነጥቡን ስትነኩት የድሮ ፎቶ የሚከፍት። ዳቦ ቤቱ፣ ቪዲዮ ቤቱ፣ እኛ ኳስ የምንጫወትበት ቅያስ። አራት ወር ቅዳሜና እሑዴን በላው። ፈንድቃ ላይ ስደርስ ትንሽ ተቸገርኩ። ፎቶ ሞልቷል። ግን አዝማሪ ስምህን ጠይቆ፣ ሸሚዝህን አይቶ፣ አብራህ የመጣችውን ልጅ ገምቶ ነው ስንኝ የሚሰጥህ፤ ያ ስንኝ ለማግስቱ እንግዳ አይሆንም። በነጥብ ምን አስቀምጣለሁ? አንድ የማሲንቆ ፎቶ አድርጌ አለፍኩት። የማይጮኽ ማሲንቆ።

በአራቱ ወር ውስጥ አክስቴን የጠየቅኩት አንዴ ነው።

በሁለተኛው፣ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ገላን ጉራ ደረስኩና ካርታውን አሳየኋት። «ጎሽ» ብላ ቡናዋን ቀጠለች። ሌላ የማሳያት ስላልነበረኝ ፊልሙን ከፈትኩላት፣ እየተረጎምኩ። ዋሽንቱን ወደደችው። ኤሊንን ወደደቻት። ከዚያ ጥያቄው ጀመረ።

«ይሄን ሁሉ ቀን ትኩሳት ይዞት ሲከርም የጠየቀው ያ አንድ ጓደኛው ብቻ ነው?»

«ባታይ ነው ስሙ።»

«ስሙን አልጠየቅኩህም። ጎረቤት የላቸውም ወይ?»

ኤሊን ስትሞት ደግሞ ፊልሙ ከአልጋዋ ተነሥቶ ካሚን ሸብቶ ከልጅ ልጁ ጋር ሲጫወት ወደሚታይበት ይዘላል። አክስቴ አስቆመችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዘለልከው?»

«አልዘለልኩም፣ እንደዚህ ነው።»

«ታዲያ ይቺን ሴትዮ ማን ቀበራት? ድንኳን አልተጣለ፣ ሰው አልመጣ። ለቅሶ ሳይቀመጥ ሸበተ?»

የ45 ደቂቃ ፊልም ነው፣ ሁሉን ማሳየት አይችሉም አልኳት። «ዋሽንቱን ግን ደጋግመው አሳዩን» አለች።

ካነበብኳቸው ትችቶች ሁሉ ይሄን ያህል ቦታውን የመታ የለም። ሬሲክ ውስጥ ሰዎች አሉ፣ አደባባዩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ግን ካሚን ላይ ዕዳ ያላቸው፣ ካሚንም ዕዳ ያለበት ሰው ከቤተሰቡና ከባታይ ውጭ የለም። የሚጣላ የለም፣ የተበደረ የለም፣ ያኮረፈ የለም። ሰፈር ሳይሆን አንድ ቤትና አንድ ዛፍ ነው። ፒካርድን ያህል ብቸኛ ሰው አርባ ዓመት ሊሞላ ለጥቂት የቀረው ጊዜ ኖሮበት ሲመለስ ናፍቆቱ በአንድ ዋሽንት መጠቅለሉም ለዚህ ይመስለኛል። ዕድር የነበረው ሰው ቢሆን መስኮት አጠገብ ብቻውን አይቆምም ነበር፤ ማን ማን መሞቱን ይጠይቃል።

መጨረሻው ላይ ይሄ ይበልጥ ይታየኛል። ሽማግሌው ካሚን መንኮራኩሯ ስትወነጨፍ ሊያይ ሲወጣ፣ የሞቱት ኤሊንና ባታይ በወጣትነታቸው መልክ ይመጡና ሁሉን ያስረዱታል። ያኔ ያለቀስኩት እዚህ ጋ ነው። ልቅሶው ያምር ነበር፤ ምክንያቱም የካታን ሰዎች ከማስታወስ በቀር ምንም አይጠይቁም። ሞተዋል። አይደውሉም። «ጠፋህ» አይሉም። እኔ ካዛንቺስን በዚያ ዓይን ማየት ተመቸኝ፤ ፀሐይ የፈነዳ ይመስል። አክስቴ ግን በሁለት ታክሲ የምትደረስ ሴት ናት፣ ስኳርም አለባት።

ደራሲዎቹን አልወቅስም፤ እነሱ የጻፉት ስለጠፋች ፕላኔት ነው። ካዛንቺስን እዚያ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። አሁንም ምርጥ አምስቴ ውስጥ አለ፣ ከአንደኝነት ግን አውርጄዋለሁ።

ማታ ልሄድ ስል አክስቴ ከአልጋዋ ሥር ጠርዙ የተበላ መዝገብ አወጣች። የዕድሩ ነው፤ ጸሐፊው ሌላ ሰፈር ስለደረሳቸው እሷ ጋ አስቀምጠውታል። «ካርታ መሥራት ከቻልክ ይሄን ሥራልኝ» አለችኝ። «ማን የት እንደገባ፣ ከነስልኩ። ባለፈው የእትዬን ባል ቀብር የሰማነው በሰልስቱ ነው።»

ሥራው ቴክኒክ የለውም፤ ኤክሴል ነው። ስም፣ የድሮ ቤት ቁጥር፣ አሁን ያለበት፣ ስልክ፣ ወርሃዊ መዋጮ። ችግሩ መደወሉ ነው። አንዱን ለማግኘት ሦስት ሰው ይደወላል፣ ሦስቱም የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳይጠይቁ ቁጥር አይሰጡም። ከዚያ ስለ እናቴ ይጠይቃሉ። ከዚያ ለምን እንዳላገባሁ። በአንድ ማታ ከአራት ሰው በላይ ሞልቼ አላውቅም። እስካሁን 11 ሰው ይቀረኛል፤ ቪዲዮ ቤት የነበራቸው ጋሼ ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሣም። ልጃቸው ለቡ ነው የሚሠራው አሉኝ።