አናብስት፣ አናምርትና ልጆች፦ በገድለ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ላይ አጭር ሒስ

የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገድል በግእዝ ያነበቡ ጥቂቶች ናቸው፤ ሥዕላቸውን ግን የማያውቅ የለም። ሰውነታቸው በጠጉር የተሸፈነ፣ በግራና በቀኝ አንበሳና ነብር የከበቧቸውን ባሕታዊ ያየ ሁሉ «አቦ» ብሎ ይለያቸዋል። ፓውሎ ማራሲኒ ድርሰቱን በ2003 እ.ኤ.አ. ከጣሊያንኛ ትርጉም ጋር ካሳተሙት ወዲህ ገድሉ በውጭ ላሉ ተመራማሪዎችም ቀርቧል። በበኩላችን ግን የንባቡ ስልት ገና ጠባብ ነው እንላለን። ጻድቁን «የኢትዮጵያ ፍራንቸስኮ» ማለት የተለመደ ሲሆን፣ ይህ ንጽጽር ከሚገልጸው የሚሰውረው ይበልጣል።

በጉቢዮው ትረካ ፍራንቸስኮ ተኩላውንና ከተማይቱን ያዋዋሉት በቀለብ ነው፤ ሕዝቡ ሊመግበው፣ እርሱም ማንንም ላይነካ። በእኛም አገር የዚህ አምሳያ አለ። ሐረሮች በአሹራ ዕለት ለጅቦች ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ያቀርባሉ፤ ከአበላላቸውም የዓመቱን ዕድል ይተነብያሉ። ዩሱፍ ሙሜ ሳልህም ከግንቡ ውጭ ለጅቦች ሥጋ የማጉረስን ልማድ ለልጃቸው ለአባስ አውርሰዋል። ሁለቱም ክቡር ውሎች ናቸው፤ ነገር ግን ውሎች ናቸው።

በገድሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ውል የለም። ከባሕታዊው ጋር የኖሩት 60 አናብስትና 60 አናምርት የእግራቸውን ትቢያ ልሰው ይጠግቡ ነበር ይባላል። ራሳቸው ከምግብ የተለዩት ጻድቅ ለአውሬ የሚወረውሩት ሥጋ አልነበራቸውም። ለተጠማችው ወፍ የሰጡትም የዓይናቸውን እንባ ነው። እንግዲህ ወዳጅነቱን ያጸናው ምንድን ነው? መልሳችን፣ ከሁለት ወገን የፍርሃትና የፍላጎት መጥፋት ነው፤ አውሬው አልተገራም፣ ሰውየውም ጌታ አልሆነም። ተጎራበቱ እንጂ።

ይህን ንባብ የሚያጠናክርልን ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 11 ነው። በዚያ አራዊትን የሚመራው ንጉሥ ወይም አዳኝ ሳይሆን ታናሽ ልጅ ነው። ሠዓሊዎቻችን ሽበታሙን ባሕታዊ ያቆሙበት ስፍራ የሕፃኑ ስፍራ መሆኑን ልብ ይሏል። ልጆች ከሥዕሉ ፊት የማይፈሩት ስለዚህ ይመስለናል።

ጥያቄው ለእኛ የቅንጦት አይደለም። እኛ በምንኖርበት በፌደራል ዌይ የሚያድጉ ልጆቻችን ስለ አውሬ የሚማሩት ሌላ ነው። የዋሽንግተን ስቴት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድብን፣ ተኩላንና ፑማን ሆን ብሎ መመገብን በሕግ ከልክሏል፤ የለመደ አውሬ ኋላ ለሰውም ለራሱም ጠንቅ ይሆናልና። ሕጉ ተገቢ ነው። በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕልም፣ በአግባቡ ቢነበብ፣ ከሕጉ ጋር አይጋጭም፤ ባሕታዊው አውሬውን በቀለብ አላለመዱምና። ልጆቹ «እንዴት አልበሏቸውም?» ብለው ሲጠይቁ «ተአምር ነው» ብሎ ማለፍ ግን ሥዕሉን ከእነርሱ መንጠቅ ነው።

የጻድቁን ዕድሜ 562 ዓመት የሚያደርስ ድርሰት በምሁራን መጽሔት ምን ይሠራል የሚል ተቺ አይጠፋም። ለታሪክ ጸሐፊው ጥያቄው ትክክል ነው። ሒስ ግን የሚመረምረው ድርሰቱ ምን ዓይነት ሰው እንደቀረጸ ነው። ገድሉ የቀረጸው ባሕታዊ ከሰው የሸሸ አይደለም፤ በዝቋላ ሐይቅ ውስጥ 100 ዓመት ቁልቁል ተተክሎ የለመነው ለኢትዮጵያ ሕዝብ ነው። ከሰው መራቅና ሰውን መተው የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምስል በሥነ ጽሑፋችን አናውቅም።

ስደተኛ ምሁር ብቸኝነትን እንደ ማዕረግ ለመያዝ ይፈተናል። በሩን ዘግቶ ስለ አገሩ ይጽፋል፤ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ግን በአማርኛ አይነጋገርም። በዝቋላው ባሕታዊ ሚዛን ይህ ብሕትውና ሳይሆን መራቅ ብቻ ነው።