ከፋንክሽኑ በፊት
የኔትወርክ መግቢያ የሚነድፍ ባለሙያ ቁልፍ አመንጪ ፋንክሽን ሲመርጥ «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ መነሳት ይቀናዋል። እኔ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «መስመሩን የሚያዳምጥ ሰው ምን ይዞ ይሄዳል?» የሚለው ነው እላለሁ። በ2004 የወጣው የዋይፋይ ደህንነት መስፈርት ደብሊውፒኤ2 ማስረጃ ይሁነኝ። ፓስወርዱ ፒቢኬዲኤፍ2 በተባለው ቁልፍ አመንጪ ፋንክሽን 4096 ዙር ይፈጫል፤ የኔትወርኩ ስም እንደ ጨው ይገባበታል፤ ባለ 256 ቢት ቁልፍ ይወጣል። እስከዚህ ነውር የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ስልኩና ራውተሩ ሲገናኙ በአየር ላይ ከሚለዋወጧቸው አራት መልእክቶች ነው። እነሱን የቀዳ ሰው ራውተሩን ዳግመኛ ሳይነካ ግምቱን በገዛ ኮምፒውተሩ ይፈትናል። ፓስወርዱ በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ከሆነ የሚቀረው 8 አሃዝ ነው፤ 100 ሚሊዮን ግምት ማለት ነው። አንድ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ በሰከንድ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስለሚፈትን ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

«ታዲያ ዙሩን መጨመር ነዋ!» የሚል ይኖራል። አሥር እጥፍ ቢጨመር ሁለቱ ደቂቃ ሃያ ይሆናል፤ ሸክሙ ግን የደካማ መሣሪያ ባለቤትም ጫንቃ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ 4096 በመስፈርቱ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ካላሰሉ ስለማይግባቡ አንዱ ብቻውን ሊለውጠው አይችልም። በ2015 የፓስወርድ ሃሽ ውድድርን ያሸነፈው አርገን2 ሚሞሪ ስለሚበላ ግራፊክስ ካርድን በእርግጥ ያደክማል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ስሌቱን የሚሠራው ሰርቨሩ ከሆነ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በጥያቄ ብዛት ብቻ ሊያንበረክከው ይችላል።

መፍትሔው ያለው የመልእክት ልውውጡ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ቤሎቪንና ሜሪት በ1992 ባሳዩት መንገድ፣ በ2018 የመጣው ደብሊውፒኤ3 አድማጩ ከቀዳው ነገር ግምቱን እንዳያረጋግጥ አድርጓል፤ ለእያንዳንዱ ግምት ከራውተሩ ጋር አዲስ ንግግር መክፈት ግድ ነው። «እንግዲያው አዝጋሚው ፋንክሽን አያስፈልግም» ማለት ግን አይቻልም፤ የሰርቨሩ መዝገብ ከተሰረቀ ግምቱ ተመልሶ ወደ ሌባው ቤት ይገባልና። ግብዓቱ ራሱ በዘፈቀደ የተገኘ ትልቅ ምስጢር ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ቲኤልኤስ 1.3 የተባለው ፕሮቶኮል በዲፊ ሄልማን የቁልፍ ልውውጥ የተገኘውን ምስጢር በፈጣኑ ኤችኬዲኤፍ ያከፋፍላል፤ ማዝገም እዚያ የሚጨምረው ነገር የለም። ሁለቱ ወገኖች በቅድሚያ በተጋሩት ቁልፍ ቦታ ፓስወርድ የገባ ዕለት ግን፣ ዲፊ ሄልማን ቢታከልበትም እንኳ፣ የመክፈቻውን መልእክት የቀዳ ሰው ፓስወርዱን በግምት ሊያገኘው እንደሚችል የፕሮቶኮሉ ሰነድ ራሱ ያስጠነቅቃል።