የቀኝ እግር ሙያ

የጎጃሟ ጉንደ ወይን ደጋ ናት። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በየ1 ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ 10 ከመቶ ያህሉን ያጣል። የጎጃም ሹፌር ዳገት ሲያይ አስቀድሞ ከባድ ማርሽ የሚያስገባው፣ ነዳጅ መስጫውንም ረግጦ ሞተሩ እስኪነሳ የሚታገሠው ለዚህ ነው። እኔም ሙያውን የለመድሁት እንዲያ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን የማሠለጥናቸው ሹፌሮች በኤሌክትሪክ መኪና ይመጣሉ፤ የድሮ እግራቸውንም ይዘው።

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ጎማው ገና ሳይዞር ሙሉ ጉልበቱ ዝግጁ ነው። ፔዳሉም ሞተሩን በገመድ አይጎትትም፤ በውስጡ ያሉ ሁለት ሴንሰሮች እግር ምን ያህል እንደረገጠ ለኮምፒውተሩ ይነግራሉ፤ የሁለቱ ንባብ ካልተስማማ መኪናው ጉልበቱን ይቀንሳል። ለግማሽ እርግጫ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ የሚወስነው እንግዲህ ፕሮግራሙ ነው። የመንዳት ምርጫው «ስፖርት» ላይ ሲሆን ብዙ፣ «ኢኮ» ላይ ሲሆን ጥቂት ይሰጣል። ብዙ ሰው ኢኮን የቻርጅ መቆጠቢያ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን የክረምት ጭቃ ላይ ከኢኮ ሌላ አላስነካም፤ ፔዳሉ ሲለዝብ እግር ጎማውን ሳያሽከረክር መመጠን ይችላል። በገበያ ቀንም እንዲሁ፤ ድምፅ የሌለው መኪና ድንገት ሲስፈነጠር አህያውም ባለቤቱም አይሰሙትም። (ስፖርት ለአስፋልት ይሁን፤ ለጉራ ከሆነ ግን ከእኔ ጋር አይነዳም።)

የሚከብደው እግር ማንሳቱ ነው። በነዳጅ መኪና እግር ሲነሳ መኪናው ትንሽ ይንከባለላል። በኤሌክትሪክ ግን ሞተሩ ወዲያው ጄኔሬተር ይሆንና መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። የሚይዘው ሞተሩ የሚያዞራቸውን ጎማዎች ብቻ ስለሆነ፣ በጭቃ ኩርባ ላይ እግርን ባንዴ ማንሳት ፍሬን እንደ መርገጥ ነው፤ ያንሸራትታል። ስለዚህ ሠልጣኙን ከመርገጥ በፊት ቀስ ብሎ መልቀቅ አስተምረዋለሁ፤ የሞተሩን አያያዝም ዝቅተኛው ላይ አደርግለታለሁ።

የዚህ ሁሉ ፈተና ዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1 ሺህ ሜትር ያልፋል። 2 ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና 1 ሺህ ሜትር ሲወርድ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይለቃል። ከፊሉ በነፋስና በጎማ ይባክናል፤ የተረፈው ወይ ባትሪ ይገባል፣ ወይ ፍሬኑን ያግላል። የሞላ ባትሪ ደግሞ አይቀበልም፤ ያን ጊዜ እግር ቢነሳም መኪናው አይያዝም፣ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። ከጉንደ ወይን ተነሥቶ ለሚመጣ ይህ አያሰጋም፤ ደጀን እስኪደርስ ባትሪው ጎድሏል። ደጀን ወይም ከማዶ ጎሃ ጽዮን አድራችሁ የምትነሱ ግን ባትሪውን 80 ከመቶ ላይ አቁሙት፤ የቀረው ቦታ ቁልቁለቱ የሚመልሰውን ይቀበልላችኋል።