ከቡናው ከረጢት ሌላ ምን እናስነብብ?

የዓለም አቀፍ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫሎችን ውይይት በዩቲዩብ የሚከታተል ሰው ሥርዓቱን ለመልመድ ጊዜ አይወስድበትም። ሁለት ወንበር አለ፣ መሐላቸው ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ውሃና መጽሐፍ። አወያዩ ይጠይቃል፣ ደራሲው ይመልሳል፣ ታዳሚው ይስቃል። በመጨረሻ መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው ይባልና አንድ ሰው ተነሥቶ ጥያቄ የሌለበት ንግግር ያደርጋል። (ይሄኛው ክፍል የትም አገር አንድ ነው መሰለኝ። እኛም አገር የመጽሐፍ ምረቃ ላይ "ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው" የሚል ሰው ጠፍቶ አያውቅም።)

እኔ እነዚህን ውይይቶች የማየው ጌዴኦ ዞን፣ ጌዴብ ወረዳ፣ ባንኮ ጎቲቲ ቁጭ ብዬ ነው፤ ኔትወርክ ሲፈቅድ። ብዙ ተምሬባቸዋለሁ። እያደር ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ጀመር። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ኢትዮጵያዊ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በእንግሊዝኛ የጻፈ ነው።

ስም ልጥራ። ዲናው መንግሥቱ፣ መዓዛ መንግሥቴ፣ ለምን ሲሳይ። ሦስቱንም አነባለሁ፣ ሦስቱንም እወዳለሁ። በ2020 (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው የምጠቀመው) የመዓዛ "ዘ ሻዶው ኪንግ" የቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ፣ ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ አገር የተወለደው ለምን ሲሳይ ደግሞ ከዳኞቹ አንዱ ነበር። በዚያ ዓመት ደስ ያላለው የአገሬ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እነሱ ያደጉበትን ቋንቋ ነው የጻፉበት፤ "ለምን በአማርኛ አልጻፋችሁም?" የሚለው ክስ ለኔ ትርጉም የለውም።

ጥያቄዬ ለፌስቲቫሉ ነው። የፌስቲቫል አዘጋጅ የሚጋብዘው ያነበበውን ነው፤ የሚያነበው በቋንቋው የታተመውን ነው። ስለዚህ "የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ" ሲል በእጁ ያለውን ማለቱ ነው። ለረጅም ዓመታት ካናዳ የኖረው አዳም ረታ ግን የሚጽፈው በአማርኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአማርኛ ልቦለድ ቅርጽ ላይ ሲሞክር፣ ሲያፈርስ፣ መልሶ ሲያቆም የኖረ ሰው ነው። ከእነዚያ ትልልቅ አዳራሾች በአውቶቡስ ሊደረስ በሚችል ርቀት መኖር ወንበሩ ላይ አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጠው ትርጉም ነው።

ሌላው ቅሬታዬ ጥያቄዎቹ ናቸው። ከሩቅ የመጣ ደራሲ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ስለ ማንነት ይጠየቃል፣ ስለ ስደት፣ ስለ "ቤት" ትርጉም፣ ስለ አገሩ ፖለቲካ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ተራኪው ለምን ተቀየረ? ይሄ ገጸ ባሕርይ ለምን ስም የለውም? እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ለሌሎቹ የተቀመጠ ይመስላል። የኛ ደራሲ እንደ ምስክር ነው የሚጠራው። ይሄ ነገር እኔን ከብዙ ሰው ይበልጥ የሚያመኝ በመንደሬ ምክንያት ነው።

ስለ ባንኮ ጎቲቲ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይገኛል። አንደኛው የቡና ከረጢት ላይ ያለው ነው። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉት፤ ከአውሮፓም ከአሜሪካም ከእስያም የቡና ቆይዎች ይመጡላችኋል። ይርጋጨፌ፣ ጌዴብ፣ ባንኮ ጎቲቲ። ከፍታ 2,000 ሜትር ገደማ። የታጠበ ወይም በጀንፈሉ የደረቀ። ጣዕም፦ የጃስሚን አበባ፣ ሎሚ፣ ኮክ። እንደ ጽሑፍ ካየነው የራሱ ሕግ ያለው ዘውግ ነው፤ አጭር፣ ምስል የበዛበት፣ ግሥ የሌለው። አንድ ቀን ለአጎቴ ተርጉሜ ባነብለት "ኮኩን ማን ጨመረበት?" አለኝ። ቀልዱን ትተን፣ ያ ጽሑፍ ውስጥ ሰው የለም። ቢኖርም "አነስተኛ ይዞታ ያላቸው አርሶ አደሮች" ተብሎ በብዙ ቁጥር ነው፤ የሚናገር ግለሰብ አይገኝበትም።

ሁለተኛው የእርዳታ ሪፖርት ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት አካባቢ የጎቲቲ ስም እንደገና በዓለም ዜና ወጣ፤ ተፈናቃይ የተጠለለባት፣ ሕፃናት በምግብ እጥረት የተጎዱባት ቦታ ተብላ። እነዚያ ሪፖርቶች መጻፋቸው ትክክል ነበር፣ ሰው አትርፈዋል። ግን እዚያም ውስጥ ያለው ብዙ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ሺህ፣ ይህን ያህል ከመቶ።

እንግዲህ አንድ የጎቲቲ ልጅ ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ቢጋበዝ ከሁለቱ በአንዱ በር ነው የሚገባው፤ ወይ በጃስሚኑ ወይ በሰቆቃው። ሦስተኛው ጽሑፍ፣ ማለትም አንድ ሰው ስም ይዞ የሚዋሽበት፣ የሚያፈቅርበት፣ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር የሚጣላበት ልቦለድ ገና በሩ አልተከፈተለትም።

ስም ዋጋ እንዳለው አገራችን የምታውቀው ነገር ነው። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት ስሞች የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ሙግት በ2007 በስምምነት አልቋል። ያኔ የተያዘው ክርክር ቀላል ነበር፤ በስማችን የሚሸጥ ነገር ካለ ስሙ ላይ እኛም ድርሻ አለን። በታሪክ ላይ ግን እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ አልሰማሁም።

እስኪ የተሻሉ ምሳሌዎችን እንይ። በ2012 ለንደን ኦሎምፒክን ስታስተናግድ፣ ከኦሎምፒኩ ጋር ተያይዞ ሳውዝባንክ ሴንተር ውስጥ "ፖይትሪ ፓርናሰስ" የተባለ የግጥም ፌስቲቫል ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ የገጣሚው ሳይመን አርሚቴጅ ነው፤ በኦሎምፒኩ ከሚወዳደር ከእያንዳንዱ አገር አንድ ገጣሚ። ኢትዮጵያን የወከለው በዕውቀቱ ስዩም ነበር፣ በአማርኛ የሚጽፍ ገጣሚ። ከሄሊኮፕተር አንድ መቶ ሺህ ግጥም በወረቀት ተበተነ። ሄሊኮፕተሩ ትርኢት ነው፣ እሱን እንለፈው። እኔን የሚገርመኝ በዕውቀቱ እዚያ የደረሰበት መንገድ ነው። ኢትዮጵያ ያደገው እንግሊዛዊ ገጣሚ ክሪስ ቤኬት ግጥሞቹን ተርጉሞለት ነበር። ይኸው ቤኬት ከዓለሙ ተበጀ ጋር ሆኖ በ2020 የአማርኛ ግጥሞችን መድበል በእንግሊዝኛ አሳተመ። አንድ ሁለት ሰው ለዓመታት ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጠ ያ የአንድ ቀን መድረክ የለም። ፌስቲቫሉ ሲወራ ግን የሚነገረው ስለ ሄሊኮፕተሩ ነው።

ወደ ጎረቤታችን እንሂድ። ከጅግጅጋ በቶጎ ውጫሌ አድርጎ በአንድ ቀን የሚደረስባት ሐርጌሳ ከ2008 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ አላት። የጀመረው ጃማ ሙሴ ጃማ የሚባል ሰው ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ነው። ዝነኛው የእንግሊዙ ሄይ ፌስቲቫል በተጀመረበት በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን ቦምብ እየፈረሰች ነበር። በሃያ ዓመቷ ደግሞ የራሷን ፌስቲቫል ከፈተች። እንደ ናይጄሪያና ጋና ያሉ አገሮችን እንግዳ አድርጋ ጠርታለች። ታላቁ ገጣሚ ሐድራዊ በ2022 እስኪያርፍ ድረስ የዚያ ከተማ ሰው ነበር። ቀረጻዎቹን ሳይ የሚያስቀናኝ ግን የእንግዶቹ ዝርዝር አይደለም። እንግዳው ሲመጣ ቤቱ ሶማልኛ ነው የሚናገረው። ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ባዕድ አይሆንም።

አሁን አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። ሶማልኛ ይፋዊ ፊደል ያገኘው በ1972 ነው። ከዚያ እስከ ሐርጌሳው ዐውደ ርእይ 36 ዓመት። እኛ ደግሞ ስለ ፊደላችን ዕድሜ መናገር ስንጀምር ማንም አያስቆመንም። ታዲያ የደራሲያን ወግ ለመስማት፣ ከጎረቤት አገር ደራሲ ጋር ለመነጋገር በየዓመቱ የምንጠብቀው መድረክ የታለ? ታዳሚ ጠፍቶ አይደለም። "ጦቢያ ግጥም በጃዝ" ለዓመታት በየወሩ ራስ ሆቴልን ሞልቷል፤ ግጥም ለመስማት ትኬት የሚቆርጥ ሕዝብ አለን። እኔ የማያቸው የመጽሐፍ መድረኮቻችን ግን በአብዛኛው ምረቃ ናቸው። ምረቃ ላይ ምርቃት ነው የሚሰጠው። ሦስት ዳሰሳ አቅራቢ ለሁለት ሰዓት ያመሰግናል፣ ሰዓት ስለሄደ ሁለት ሰው ብቻ ይጠይቅ ይባላል፣ ከዚያ ፎቶ። ከምዕራቡ ፌስቲቫል የምንወስደው ነገር ካለ አንዱ ይሄ ነው፤ ደራሲውን ሳያሞግሱ መጠየቅ።

እስካሁን የጻፍኩት እንግሊዝኛ አማርኛን ምን እንዳደረገው ነው። እዚህ ላይ ባቆም ለብዙ አንባቢ ይመቸዋል። ግን የምጽፈው ከጎቲቲ ስለሆነ አላቆምም። የተወለድኩበት ቋንቋ ጌዴኦኛ ነው፤ ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ግን በአማርኛ ነው፤ ምክንያቱ ዲናው በእንግሊዝኛ ከጻፈበት ምክንያት ብዙም አይርቅም። የተማርኩበትን ቋንቋ ነው የምጽፍበት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ አንድ የግጥም ምሽት ላይ ተጋብዤ ነበር፤ የቦታውን ስም ልተወው። አክስቴ እንሰት ስትፍቅ የሚያሳይ ግጥም ነበረኝ። መጀመሪያ በጌዴኦኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ላነበው አሰብኩ። የመድረክ መሪው ትሁት ሰው ነበር፤ "ጌዴኦኛውን ለቅምሻ ያህል አራት መስመር ብቻ አድርግልን" አለኝ። ቅምሻ! የቡና ነጋዴ ቃል እኮ ናት። ከማንኪያ ትስባለህ፣ ምላስህ ላይ ታዞረዋለህ፣ ትተፋዋለህ። አራቱን መስመር አነበብኩ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ሙዚቃው ገባ። ስወርድ አንድ ልጅ ትከሻዬን መታ አድርጎ "አሪፍ ነው ብሮ፣ ግን የጌዴኦ ልጅ ሆነህ ስለ ቡና የለህም እንዴ?" አለኝ። ለንደን ላይ ስለ ረሃብ ከሚጠየቀው ደራሲ ጋር ያን ማታ ተዋወቅን።

ባህል ላይ ማሳበብም ይቀናል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደስ ብሎናል። እኔም አንድ ቀን የውጭ መድረክ ላይ ወጥቼ "የኛ ሶንጎ ከናንተ ፌስቲቫል ይቀድማል" ብል ጭብጨባ አላጣም። ግን ሶንጎ ሽማግሌዎች የሚዳኙበትና የሚመክሩበት ቦታ ነው። የልቦለድ ውይይት አይደለም፣ እንዲሆንም መጎተት የለበትም። ቅርስ ያለው ሕዝብ መጽሐፍም ያስፈልገዋል።

በጥር የዳራሮ በዓል ሲከበር ዲላ በሰው ትሞላለች። ዩኒቨርሲቲው እዚያው ነው፣ አዳራሽ አለ፣ ሥነ ጽሑፍ የሚማሩ ልጆች አሉ። ባጀቱን ለእኔ ቢሰጡኝ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ላይ አልጀምርም። ከዐሥር ወር በፊት ሦስት ተርጓሚ እቀጥራለሁ፤ አንዱ ከጌዴኦኛ ወደ አማርኛ፣ አንዱ ከአማርኛ ወደ ጌዴኦኛ፣ አንዱ ከሶማልኛ። የተተረጎመው ነገር ታትሞ ታዳሚው እጅ የሚገባው ከበዓሉ ወር ቀደም ብሎ ነው። አለበለዚያ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ስለ መጽሐፉ የሚጠይቀው አይኖርም፤ ስለ ሕይወት ታሪኩ ብቻ ይጠየቃል።

ከባሕር ማዶ አንድ እንግዳ ብቻ ጥሩ ብባል ደግሞ ተርጓሚዎችን ነው የምጠራው። የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ታገደ፤ በዓሉ በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው በ2025 ነው፣ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ትርጉም። ከአርባ ዓመት በላይ። ፌስቲቫል የሚባለው ነገር ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሕያው ደራሲ ይፈልጋል፤ ለዚህ መጽሐፍ ያ ወንበር ባዶ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ተርጓሚዎች አስቀምጬ ስለ ደርግ አልጠይቃቸውም፣ ስለ በዓሉ አሟሟትም አልጠይቃቸውም። የምጠይቃቸው ስለ ርዕሱ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ ተነሥቶ፣ በአስመራ አፍ ተቀይሮ፣ አማርኛ ልቦለድ ላይ ርዕስ ሆነ፤ አሁን ደግሞ እንግሊዝኛው ሽፋን ላይም ሳይተረጎም እንዳለ ተቀምጧል። ሌላ ምን ምን ሞክረው ነበር? ስንት ጊዜ ጽፈው ሰረዙ?